የእማዬ ቦታ

«ማሽኑ ቆመ!» አሉ አያቷ።

ማርሊ መጀመሪያ አልገባትም። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሎ ነበር። የዊትላንድ ኮሌጁ ልጅ ከሩቅ የወረወራት ኳስ የቅርጫቱን ብረት መትታ ስትመለስ አየች፤ ጆሮዋ የነቃው ከዚያ በኋላ ነው። ጨዋታው ከተጀመረ አንስቶ ከምድር ቤት ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ሲል የቆየው የልብስ ማድረቂያ ድምፁ ጠፍቷል።

«ማሽኑ ቆመ፣ ኳሷም መግባት ተወች። አጋጣሚ ነው በሉኛ!» አያቷ ቨርነን ቀይ ኮፍያቸውን ከግንባራቸው ገፋ አደረጉ። «ስንቀጠቅጣቸው አልነበር እንዴ? አሁን በስንት ነው የምንመራው?»

«በአራት ነጥብ» አለ አባቷ ኩርት። ከሶፋው ጀርባ ቺሊ የሚባለውን የባቄላ ወጥ የበላበትን ማንኪያ ይዞ ቆሟል። ሳህኑ ባዶ ከሆነ ቆይቷል፤ ማንኪያውን ግን ማስቀመጥ አይችልም።

«አራት! በኤልክሆርን ላይ! በእነዚያ አረንጓዴ ጉረኞች ላይ አራት ብቻ!»

«በቃ ተበላን» አለ ታናሽ ወንድሟ ብሮዲ ከጠረጴዛው ስር። እዚያ የገባው ተቀጥቶ አይደለም። ባለፈው ጨዋታ ዊትላንድ ሲያሸንፍ ጠረጴዛው ስር ተኝቶ ስለነበር ነው።

በኬሰንስ ቤተሰብ መጋቢት ሲገባ ሕጉ አንድ ነው። ቡድናችን ሲያሸንፍ የነበርክበት ቦታ ቦታህ ነው። ቆመህ ከነበረ ትቆማለህ፣ ማንኪያ ይዘህ ከነበረ ትይዛለህ፣ የለበስከው ሹራብም አይታጠብም። የኮሌጆቹ ጥሎ ማለፍ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ ሁለት ነገር ይሸታል፦ የዶሮ ክንፍና የአያት ቨርነን ሹራብ። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ወንዙ ዳር ባለችው በዚህች የኢንዲያና ከተማ ግን የሚስቅ የለም። ጎረቤታቸው አንድ ጊዜ ቡድኑ ሲያሸንፍ መታጠቢያ ቤት ስለነበር፣ የቀሩትን ጨዋታዎች በሙሉ ከዚያው ሆኖ በበሩ ስንጥቅ ነው ያያቸው።

የሕጉ ጠባቂ ማርሊ ናት። ዕድሜዋ ገና አሥራ አራት ቢሆንም ማን የት እንደነበረ፣ ምን እንደለበሰ፣ እግሩን አጣጥፎ ይሁን ዘርግቶ አትረሳም። አያቷ «የዕድላችን ዳኛ» ይሏታል። ከሕጎቹ ሁሉ ትልቁን ያወጣችውም እሷው ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ዊትላንድ በሰፊ ልዩነት እየተመራ ሳለ እናቷ ዳርላ ልብስ ልታወጣ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ወዲያው ኳሷ መግባት ጀመረች። እናቷ የታጠፈውን ልብስ አቅፋ ስትመለስ ትንሿ ማርሊ ደረጃው አናት ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ «እማዬ፣ እንዳትወጪ!» ብላ አለቀሰች። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፣ እናቷም ተመልሳ ወረደች፣ ዊትላንድም አሸነፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ የእማዬ ቦታ ምድር ቤት፣ ማሽኑ አጠገብ ሆነ።

ይህ ማንንም አላሳዘነም። እማዬ እንደሆነ ኳስ የሚባል ነገር አይገባትም። «ስንት ጎል ገባ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት። አያት ቨርነን ይህን ታሪክ በየዓመቱ ለእንግዳ ያወሩና እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

«ማርሊ፣ ሂጂ ውረጂ» አሉ አሁን አያቷ። «እናትሽ ከቦታዋ ተነስታ ይሆናል። ቶሎ በይና ማሽኑን አስነሺው።»

«እኔ ከቦታዬ ብነሳስ?»

አያት ቨርነን አሰቡበት። ቀላል ጥያቄ አልነበረም። «ዳኛ አይቆጠርም» አሉ በመጨረሻ።

ማርሊ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ዛሬ ከኤልክሆርን ጋር ነው፤ ሌላ ቡድን ቢሆን እሺ። ኤልክሆርን ከወንዙ ማዶ፣ ኬንታኪ ውስጥ ያለ ኮሌጅ ነው፤ በእነሱ ቤት ስሙ ሲጠራ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። በቅዱስ ፓትሪክ ቀን አገር ምድሩ አረንጓዴ ሲለብስ የኬሰንስ ልጆች አይለብሱም። አረንጓዴ ያልለበሰ ልጅ ስለሚቆነጠጥ፣ ማርሊና ብሮዲ በየዓመቱ ክንዳቸው ቀልቶ ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ። አያታቸውም በኩራት ግንባራቸውን ይስሟቸዋል።

«እማዬ! ማሽኑን ለምን አጠፋሽው? እየተበላን እኮ ነው!»

መልስ የለም። መብራቱ በርቷል። የእናቷ ወንበር ባዶውን ነው፤ አንድ መጽሔት ላዩ ላይ ተገልብጧል። ማርሊ ዙሪያውን ቃኘች። የታጠፈ ልብስ የለም። ያልታጠፈም የለም። የሚታጠብ ካልሲ እንኳን አልነበረም።

የማድረቂያውን በር ከፍታ እጇን ሰደደች። የነካችውን ነገር ጎትታ አወጣችው። አንድ ጫማ። የብሮዲ አሮጌ ስኒከር፣ የግራው ብቻ፣ ገና እንደሞቀ።

ጫማውን ይዛ ድርቅ ብላ ቀረች። ያ ሁሉ ዱብ ዱብ ይህ ጫማ ነበር? ከላይ ሆነው «እማዬ እያጠበች ነው፣ ዕድላችን ቦታው ነው» ሲሉ የኖሩት በባዶ ማሽን ውስጥ ለሚሽከረከር አንድ ጫማ ነበር? እናቷ የት ናት? ስንት ጊዜስ እንዲህ ሄዳለች? ታማ ይሆን? ሐኪም ቤት እየሄደች ደብቃን ይሆን? የማታውቀው አንድ መጥፎ ነገር በቤታቸው ስር ተደብቆ የኖረ መሰላት።

«እማዬ?» አለች፣ አሁን ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ከምድር ቤቱ ጋር ከተያያዘው የመኪና ማቆሚያ በር ጀርባ የሴት ድምፅ ሰማች።

«ወደ ጥግ! ወደ ጥግ አውጣት አንተ ደረቅ! ዓይንህን ምን ጋረደው?»

ድምፁን አላወቀችውም። እንዲህ የምትናገር ሴት ቤታቸው ውስጥ የለችም። በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

መኪናቸው ቆሟል፣ ሞተሩ አልተነሳም። መሪው ላይ የተቀመጠችው እናቷ ናት። አረንጓዴ ማሊያ ለብሳለች፤ ከደረቱ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደላት «ኤልክሆርን» የሚል ተጽፎበታል። ሁለት እጇ መሪውን አንቆታል። ከሬዲዮው ዝቅ ያለ የጋዜጠኛ ድምፅ ይንቆረቆራል። «ሦስት ነጥብ! ኤልክሆርን ልዩነቱን ወደ አንድ አጠበበ!» አለ ሬዲዮው። እናቷ ጡጫዋን ነክሳ የመኪናውን ወለል በእግሯ ትደበድበው ጀመር፤ ልክ እንደ ብሮዲ።

ከዚያ ዞር ስትል ማርሊን አየቻት።

ማርሊ እናቷን ስትሰርቅ ብትይዛት እንኳን እንዲህ የምትደነግጥ አይመስላትም። ከላይ ከሳሎን የሁሉም ማጉረምረም መጣ፤ ሬዲዮው ከቴሌቪዥኑ ስለሚቀድም፣ ከላይ ያሉት ያቺን ኳስ ያዩት ገና አሁን ነው።

«ማሽኑ ቆመ» አለች ማርሊ። ከአፏ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

«ቆመ እንዴ? ውይ፣ አልሰማሁትም…»

«የለበስሽው ምንድን ነው?»

እናቷ ሌላ ሰው ያለበሳት ይመስል ወደ ደረቷ ዝቅ ብላ አየች። «ማርሊዬ፣ ነይ ግቢ። በሩን ዝጊው።»

«ኤልክሆርን! እማዬ፣ ኤልክሆርን እኮ ነው የለበስሽው!»

«ማርሊ!» የአያቷ ድምፅ ከደረጃው አናት ተንደረደረ። «እናትሽ አለች?»

ማርሊ እናቷን አየች። እናቷ አልለመነቻትም። እጇን አላወራጨችም፣ «እንዳትነግሪያቸው» የሚል ምልክት አላሳየችም። ዝም ብላ አየቻት እንጂ፣ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረ። አንድ ቃል ብትጮህ ቤቱ ሁሉ ተግተልትሎ ይወርዳል።

«አለች!» ብላ ጮኸች። «ማሽኑ ነው!»

ውሸት አልነበረም፤ ግን እንደ ውሸት አፏን መረራት። ተመልሳ ጫማውን ማድረቂያው ውስጥ ወረወረችውና ቁልፉን ተጫነችው። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ ዊትላንድ ሦስት ነጥብ አስቆጥሮ ኖሯል። «ብያችሁ አልነበር! ማሽኑ ነው!» ሲሉ ተሰሙ አያቷ። ማርሊ የገዛ እጇን አየችው። ለምን እንዳደረገችው አላወቀችም።

ወደ ላይ መውጣት ነበረባት። ቦታዋ ምንጣፉ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በስተግራ ነው። እግሯ ግን ወደ መኪናው መለሳት። ከእናቷ ጎን ገብታ ተቀመጠች፣ በሯን ገርበብ አድርጋ።

«አሁን ንገሪኝ» አለች። ድምፅዋ የእሷ አልመስል አላት። «አንቺ ኳስ አታውቂም እኮ።»

እናቷ ሬዲዮውን ትንሽ ዝቅ አደረገችው። «ወንዙ ማዶ መወለዴን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ይሄን ግን አላውቅም።»

«አባቴ የወተት መኪና ሹፌር ነበር። በየወተት እርሻው እየዞረ ሲጭን በመጋቢት እኔን ከጎኑ ያስቀምጠኛል። ኤልክሆርንን በዚያ መኪና ሬዲዮ ነው የለመድኩት። ተጫዋቾቹን አላየኋቸውም፤ በድምፅ ብቻ ነው የማውቃቸው። ቅርጫቱ ስር የሚታገለው ማን ነው፣ ከጥግ የሚወረውረው ማን ነው፣ ሁሉን እሱ ነው ያስተማረኝ። ቡድኑ ያሸነፈ ቀን መንገድ ዳር ይቆምና ላሞቹ እስኪደነግጡ ይጮኻል።»

ፈገግ አለች። ማርሊ ይህን ፈገግታ አይታው አታውቅም፤ እናቷ አሥራ አራት ዓመት አብራት ኖራ አንድም ቀን ያላሳየቻት ፊት አላት ማለት ነው። ይህም አስደነገጣት።

«አባትሽን አግብቼ እዚህ የመጣሁ ዓመት ሞተ» አለች እናቷ። «ከቀበርነው ገና ወር አልሞላም ነበር። መጋቢት ገባ። ማዕድ ላይ ተሰብስበን አያትሽ ‹እሺ ከወንዙ ማዶ የመጣሽው ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለን፤ የማን ነሽ?› አሉኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቀልድ ነው፣ ክፋት አልነበረውም። ግን ኤልክሆርን ብዬ አፌን ብከፍት የሚመጣው አባቴ ነው። ማልቀሴ ነው። በማላውቀው ሰው ማዕድ ላይ እንዳላለቅስ ብዬ ‹እኔ ኳስ አላውቅም› አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀረ። የሚቀጥለው ዓመት እነግራቸዋለሁ አልኩ። የሚቀጥለው ዓመት አንቺን አረገዝኩ። አያትሽ ሙድ መያዝ ይወዳሉ፤ ስንት ጎል ገባ ስላቸው እንዴት ደስ እንደሚላቸው አይተሻል።»

ማርሊ ዞራ አፈጠጠችባት። «ሆነ ብለሽ ነው እንዴ እሱን የምትዪው?»

«ማርሊ፣ ቅርጫት ኳስ ላይ ጎል የሚል ሰው አለ እንዴ?»

ማርሊ ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው። ለስንት ጊዜ ነው በዚህ ነገር እናቷ ላይ የሳቁት? እሷስ ራሷ ለጓደኞቿ ስንቴ አውርታዋለች?

«አባዬ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አባዬም አያውቅም?»

«ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ይህ ከሁሉም የባሰ ነበር። አባቷና እናቷ አንድ ሳህን ላይ የሚበሉ፣ አንዳቸው የጀመሩትን ሌላቸው የሚጨርሱ ሰዎች ናቸው። ማርሊ የመኪናውን ጣሪያ ቀና ብላ አየች። በላዩ ላይ ሳሎኑ አለ፣ አባቷ ማንኪያውን ይዞ ቆሟል፣ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

«እኔ ነኝ እዚህ ያወረድኩሽ» አለች። «አልቅሼ። ያን ቀን።»

«አንቺማ ገላገልሽኝ!» እናቷ እጇን ያዘቻት። «ከዚያ በፊት እላይ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብዬ ኤልክሆርን ሲያገባ ፊቴን ትራስ ውስጥ እደብቅ ነበር። እዚህ ከወረድኩ ወዲህ ነው መተንፈስ የጀመርኩት። አንቺ የሰጠሽኝን ያህል ስጦታ ማንም አልሰጠኝም።»

እናቷ ይህን ያለችው ልታጽናናት ነው። ማርሊን ግን አላጽናናትም። አዘነች፣ በጣም አዘነች። በገዛ ቤቷ ለመተንፈስ መኪና ውስጥ የምትደበቅ እናት አለችኝ ብላ አስባ አታውቅም።

ሬዲዮው ጮኸ። ኤልክሆርን አግብቶ ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ሆኗል። የቀረው ትንሽ ነው። ዊትላንድ ሞክሮ ሳተ፤ ኳሷን የያዘው የኤልክሆርን አሰልጣኝ አጭር እረፍት ጠራ።

«ተመልከቺ» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ወዲያው ሌላ ሆነ፣ ፈጠን ያለና እርግጠኛ። «የእናንተዎቹ መሃሉን ዘግተውታል። ሁሉም ቅርጫቱ ስር ተከምሯል። ጥጉ ግን ባዶ ነው፣ ከእረፍት በፊትም ባዶ ነበር። አሰልጣኙ ሞኝ ካልሆነ ኳሷን ወደ ቀኝ ጥግ ያወጣታል።»

«በሬዲዮ እንዴት አየሽው?»

«ስሰማ ይታየኛል። ዝም በይ፣ ጀመሩ።»

ኳሷ ወደ ሜዳ ተወረወረች፣ ወደ መሃል ሄደች፣ ተመለሰች። ከዚያ ጋዜጠኛው «ወደ ቀኝ ጥግ!» ብሎ ጮኸ፣ ቃሉን ሳይጨርስም ሕዝቡ በላዩ ላይ ፈነዳ። ሦስት ነጥብ። ኤልክሆርን በአንድ እየመራ ነው።

ማርሊ ቀይ ሹራቧን ጨምድዳ ያዘች። እናቷ የተናገረችው አንድ በአንድ ሲፈጸም ሰምታ ክው ብላለች፤ ግን የገዛ ቡድኗም እየተሸነፈ ነው፣ ልቧም ይቃጠላል። ሁለቱን ስሜት አንድ ላይ የት ታስቀምጣቸው? የመጨረሻዋ ኳስ የዊትላንድ ነበረች። ልጁ ሮጠ፣ ዘለለ፣ ወረወረ። «ብረቱን መታች… ወጣች! አለቀ! ኤልክሆርን አለፈ!»

ከላይ ደግሞ ገና አላለቀም ነበር። «ግባ! ግባ! ግባ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ የአያቷ ድምፅ ከሁሉም በላይ። ማርሊ እነሱ ገና የሚለምኑላት ኳስ እንደወጣች ታውቃለች። ሊነግሯቸው የማይችሉትን ነገር ማወቅ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያን ጊዜ ገባት።

ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ሁለት መዳፏን አፏ ላይ ጭና ይዛለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እግሮቿ ወለሉን ይደበድባሉ፣ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ድምፅ ግን የለም። ትንፋሽ እንኳን አይሰማም። ይህን እንዴት እንደምታደርግ አውቃበታለች፣ ለምዳዋለች። ማርሊ ሰው ሲያለቅስ ድምፁን ሲውጥ አይታለች፤ ሰው ደስታውን እንዲህ አፍኖ ሲውጥ አይታ አታውቅም። ከጫማው፣ ከማሊያው፣ ከሰማችው ሁሉ ይልቅ ያስደነገጣት ይህ ነው።

ከላይ ማንኪያ ወለል ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

«ማን ነው የተነሳው?» አሉ አያቷ። በዚህ ቤት ከሽንፈት በኋላ ችሎት አይቀርም።

«ማርሊ ናት!» የብሮዲ ድምፅ ነው። «ወርዳ ቀረች!»

እናቷ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ከኋላ ወንበር ላይ ጃኬቷን አንስታ ለበሰችው። «ሂጂ ልጄ። ማሽኑ አልሠራ ብሎ እማዬ አቆየችኝ በያቸው። ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርጊው፣ እኔን አይቆጡም። ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ።» ዚፑን ይዛ ወደ ላይ መሳብ ጀመረች። አረንጓዴው ከወገቧ እየጠፋ መጣ።

ማርሊ አንድ እግሯን ከመኪናው አውጥታ ነበር። ቀላል ነው። ማሽኑ አልሠራም ማለት ብቻ ነው። አያቷ ትንሽ ያኮርፏታል፣ ብሮዲ ሳምንቱን ሙሉ «አንቺ ነሽ ያስበላሽን» ይላታል፣ ያልፋል። በዓመቱ ደግሞ መጋቢት ይመጣል።

«በሚመጣው ዓመትም እዚሁ ነሽ?» ብላ ጠየቀች።

ዚፑ የእናቷ ደረት ላይ ቆመ።

ደረጃው ላይ ከባድ እግር ተሰማ። አያት ቨርነን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አንድ ደረጃ ወርደው ያርፋሉ፣ ሌላ ደረጃ ወርደው ያርፋሉ። የማድረቂያው ድምፅ ተቋረጠ፤ በሩን ሲከፍቱት ተሰማ። እናትና ልጅ ተያዩ። የእናቷ እጅ ዚፑ ላይ እንዳለ ነው። አንዴ ብትስበው እስከ አገጯ ይዘጋል። ማርሊ አልነካቻትም። ይህ የእሷ ዚፕ አይደለም።

እናቷ ለቀቀችው። ከዚያ ጃኬቱን ከትከሻዋ አውልቃ ወደ ኋላ ወረወረችው።

በሩ ተከፈተ። አያት ቨርነን ቀይ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ የብሮዲን ስኒከር በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አፋቸውን ለቁጣ ከፍተው ነበር፤ እንደተከፈተ ቀረ። መጀመሪያ ማሊያውን አዩ። ቀጥሎ የምራታቸውን ፊት። ቀጥሎ ተመልሰው ማሊያውን።

«ዳርላ?» አሉ።

«አባባ» አለች እናቷ፤ ዓይኗን አልሰበረችም። «እኔ የኤልክሆርን ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ። አባቴም የኤልክሆርን ነበር።»

አያት ቨርነን ግድግዳውን በእጃቸው ፈልገው ተደገፉ። ይቆጡ፣ ይሳቁ፣ ይዘኑ አልታወቀም፤ ምናልባት እሳቸውም አላወቁትም። ከሳሎን አባቷ «አባዬ? ምንድን ነው?» እያለ ይጣራል።

«ማርሊ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ ልጅን ከገደል አፋፍ እንደሚጠራ ሰው። «ነይ ውጪ ከዚያ።»

ማርሊ ያወጣችውን እግሯን አየች። የሬዲዮው ጋዜጠኛ ዝቅ ባለ ድምፅ የመጨረሻዋን ኳስ እንደገና እያወራት ነው። እናቷ ወደ እሷ አልዞረችም፤ ፊት ለፊት እያየች መሪውን ይዛለች።

ማርሊ እግሯን መልሳ አስገባች።

«የኋላው በር ክፍት ነው፣ አባባ፤ ይግቡ» አለች። ከዚያ እጇን ሰድዳ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገችው።